ልጆቻችንን ወደ ማዘር ቤቴል ውሰዱልን፦ ለአጥቢያ መሪዎቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በሰሜን አሜሪካ ለምትገኙ የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጋቢዎችና ሽማግሌዎች፣ ለመዘምራን አስተባባሪዎች፣ ለወጣቶችና ለወንጌል ተልዕኮ ክፍሎች

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

«ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው ቃል ያልተሰቀለበት ኮንፈረንስ ማግኘት ይከብዳል። ከመድረኩ ጀርባ አለ፣ ቲሸርት ላይ አለ፣ የጸሎት ፕሮግራም ማስታወቂያ ላይም አለ። የእኛ ነው ብለን ስለምናምን ከእኛ በፊት በዚህ አገር ማን እንደጸለየበት ጠይቀን አናውቅም። አቤሴሎም ጆንስና ሪቻርድ አለን የሚባሉ ሁለት ጥቁር ሰባኪዎች በ1794 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እዚህ ፊላደልፊያ ውስጥ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፏ መጨረሻ አካባቢ የጠቀሱት ይህንኑ ቃል ነው። ሁለቱም በባርነት ተወልደው ኋላ ነፃ የወጡ ናቸው። እኛ ጋ ያኔ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ መሳፍንቱ እርስ በርስ ይዋጋሉ። እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩዋትም። ስሟን ከመጽሐፍ ቅዱስ አገኙት፣ ለራሳቸውና ለወገናቸውም ተስፋ አደረጉት።

አለን የመሠረታት ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በ6ኛው መንገድና በሎምባርድ ጎዳና ማዕዘን ላይ ናት። ማዘር ቤቴል ትባላለች፤ የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን እናት አጥቢያ ናት። ልመናዬ አጭር ነው፦ የዚህችን ቤት ታሪክ በወጣቶቻችን ትምህርት ውስጥ አስገቡልን፣ ልጆቹንም ወስዳችሁ አሳዩዋቸው። ምክንያቴ ግን ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

በብዙ አጥቢያዎቻችን የአምልኮ ክፍልና የሚሽን ኮሚቴ እየተላለፉ የሚኖሩ ጎረቤቶች ሆነዋል። የአምልኮ ክፍሉ ቅዳሜ ይለማመዳል፤ ስለ ድምፅ ማጉያ፣ ስለ ኪቦርድ፣ ስለ ዩኒፎርም ይመክራል። የሚሽን ኮሚቴው በዓመት አንዴ ራት አዘጋጅቶ አገር ቤት ላሉ ወንጌላውያን ገንዘብ ያሰባስባል። ሁለቱም መልካም ሥራ ነው፤ እኔም በአንደኛው ውስጥ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ሚሽን ስንል የአውሮፕላን ትኬት፣ አምልኮ ስንል መድረክ ብቻ ወደ ሐሳባችን የሚመጣ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሎናል። ያ የጎደለን ነገር በማዘር ቤቴል ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እዚያ የታመመውን ያስታመመው ሰውና መዝሙሩን የመረጠው ሰው አንድ ነበር።

አለን በ1760 ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ከእነ ቤተሰቡ ደላዌር ውስጥ ለሚኖር አንድ ገበሬ ተሸጠ። በ17 ዓመቱ ገደማ በየጫካውና በየገበሬው ቤት እየዞሩ የሚሰብኩትን ሜቶዲስቶች ሰምቶ ጌታን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ሰባኪዎቹ ወደ ጌታው ቤት መጥተው እንዲሰብኩ አደረገ፤ ሰውየው ስብከቱን ሲሰማ ኅሊናው ወቀሰውና አለን ነፃነቱን በ2000 ዶላር እንዲገዛ ፈቀደ። እንጨት ፈለጠ፣ በጡብ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠራ፣ በአሜሪካ አብዮት ጦርነት ጊዜ በጋሪ ጨው አመላለሰ። በጨው መንገዱ ላይ የታወቁ ማረፊያዎች ነበሩት፤ ጋሪውን ባቆመበት ይሰብክ ነበር። ለዚህ ሥራ የላከው ኮሚቴ አልነበረም።

በ1786 ፊላደልፊያ ሲመጣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ከንጋቱ በ11 ሰዓት እንዲሰብክ ተፈቀደለት። ሰዓቱን ልብ በሉ፤ ሌላው ሰው የማይፈልገው ሰዓት ነው። ጥቁሮቹ ግን መጡ፣ በዙ፤ ሲበዙ ደግሞ መቀመጫቸው ወደ ግድግዳ ዳር፣ ከዚያም ወደ ሰገነቱ ተገፋ። አንድ እሑድ (ታሪክ ጸሐፊዎች በዓመቱ ይለያያሉ) ጉባኤው ተንበርክኮ እየጸለየ ሳለ የቤተ ክርስቲያኒቱ አስተናጋጆች አቤሴሎም ጆንስን ከተንበረከከበት እየጎተቱ ሊያነሱት ሞከሩ። «ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠብቁ» አላቸው። አልጠበቁም። ጸሎቱ ሲያልቅ ጥቁሮቹ በአንድነት ወጥተው ሄዱ።

ጆንስ በኋላ ወደ ሌላ ማኅበር፣ ወደ ኤጲስቆጶሳውያኑ ሄደ። አለን ግን ገፍተው ካስወጡት ሰዎች ቤት ወጣ እንጂ ከሜቶዲስትነት አልወጣም። ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል፦ ያልተማረው የሚገባው ቀላል ወንጌል፣ ከወረቀት የማይነበብ ስብከት ለወገኖቹ የሚስማማው እሱ ነው ብሎ ስላመነ ነው። በገንዘቡ አንድ አሮጌ የአንጥረኛ ቤት ገዝቶ፣ በራሱ ፈረሶች አስጎትቶ፣ ዛሬ ማዘር ቤቴል ወደቆመችበት መሬት አመጣው። አናጢ ቀጥሮ ለጸሎት እንዲመች አደረገው፤ በሐምሌ 1794 ጳጳስ ፍራንሲስ አስበሪ መጥተው መረቁት። ሕንፃ እስክንገዛ ድረስ ምንም መጀመር አንችልም ለሚሉ የሕንፃ ኮሚቴዎቻችን ይህን ታሪክ እንዲያነቡ በትሕትና እጋብዛለሁ። መሬቱ ከ1791 ጀምሮ ከጥቁሮች እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ በአሜሪካ ሳይቋረጥ በጥቁሮች ባለቤትነት ሥር የቆየ ከዚህ የቀደመ መሬት የለም ይባላል።

ከዚያ በፊት ግን ወረርሽኙ ነበር። በ1793 ፊላደልፊያ የአገሪቱ ዋና ከተማ ሳለች ቢጫ ወባ ገባባት። ሃምሳ ሺህ ገደማ ሕዝብ ከነበራት ከተማ 5000 ያህል ሰው በጥቂት ወራት አለቀ። ፕሬዚዳንቱም ባለጸጎችም ከተማዋን ለቀው ሄዱ። ዝነኛው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ጥቁሮች በዚህ በሽታ አይያዙም የሚል እምነት ስለነበረው አለንና ጆንስ ወገኖቻቸውን ይዘው እንዲረዱ ጠየቃቸው። እምነቱ ስሕተት ነበር፤ ጥቁሮቹም ታመሙ፣ ሞቱም። እነሱ ግን ከሰገነት ያባረሯቸውን ሰዎች ቤት እያንኳኩ ሕመምተኛ አጠቡ፣ ደም ቀዱ (ያኔ ሕክምናው ያ ነበር)፣ ሬሳ ተሸክመው ቀበሩ። ወረርሽኙ ሲያልፍ የተከፈላቸው ምስጋና ምን መሰላችሁ? ማቲው ኬሪ የተባለ አሳታሚ ጥቁር አስታማሚዎች ከመጠን በላይ ገንዘብ ጠየቁ፣ ሰረቁም ብሎ ጻፈ።

መጀመሪያ ላይ ያነሳኋት መጽሐፍ የዚህ ክስ መልስ ናት። ምን ያህል እንደተቀበሉ፣ ለሬሳ ሣጥንና ለተሸካሚ ምን ያህል እንዳወጡ፣ ያልተከፈላቸው ስንት እንደሆነ በቁጥር አስቀምጠዋል። ቀጥለው ባሪያ ለሚያሳድሩ ሰዎች ወቀሳ ጻፉ፤ በመጨረሻም ያ ጥቅስ መጣ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን» የሚለው ቃል በዚህ አገር ጥቁሮች ብዕር ከታተመባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ በበሽተኛ ማስታመሚያና በቀብር ሂሳብ መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ደግሞ በኮንፈረንስ ባነር ላይ እናትመዋለን። ባነሩ ይውረድ እያልኩ አይደለም። ከእሱ በፊት የሚነበብ ሂሳብ ግን ይኑረን።

አሁን ወደ መዝሙሩ ልምጣ፤ የመዘምራን አስተባባሪዎች በተለይ እናንተ ስሙኝ።

አለን በ1801 ለጉባኤው የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጀ። ጥቁር ሰው ለጥቁር ጉባኤ ያዘጋጀው የመጀመሪያው እንደሆነ ይታወቃል። 54 መዝሙሮች ነበሩት፤ ሕዝቡ ስለወደደው በዚያው ዓመት 10 ተጨምረውበት እንደገና ታተመ። ዜማ የለበትም፣ ቃል ብቻ ነው። ከታወቁት የእንግሊዝ መዝሙር ጸሐፊዎች የወሰዳቸው አሉ፤ በመስክ ጉባኤ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩ ቁርጥራጭ አዝማቾችን ደግሞ በየመዝሙሩ ጫፍ ቀጠለባቸው። የአዝማቹ ጥቅም ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። ብዙው ምዕመን ፊደል አልቆጠረም፤ መሪው አንዱን መስመር ይላል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ አዝማቹ ሲደርስ ማንም መሪ ሳያስፈልገው ቤቱ ሁሉ አንድ ላይ ይነሣል። በደርግ ዘመን በየሰው ቤት መስኮት ዘግተን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የዘመርነው ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ ወረቀት መያዝ ያስይዝ ስለነበር መዝሙር በአዝማቹ ነበር የሚተላለፈው።

ይህች ቤት ከመዝሙር ጠብ ነፃ ነበረች እንዳትሉኝ። በ1841 እና በ1842 መካከል ወጣቶቹ ኳየር ይቋቋም አሉ፤ ተቋቋመም። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። ኋላ ጳጳስ የሆነው ዳንኤል ፔይን በትዝታው እንደመዘገበው «ዲያብሎስን ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገባችሁ፣ ስለዚህ እኛ እንወጣለን» ብለው ብዙዎች ወጡ፣ አልተመለሱምም። ይህን የሚያነብ የኛ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ጊታር ዓለማዊ ነው፣ ከበሮ የባህል ነው፣ ኪቦርድ ያለ ቅባት ነው ተብሎ የተከፈለ ጉባኤ የማያውቅ ማን አለ? የሚገርመው ፔይን ራሱ በዚያኛው ጠብ ከአዲሱ ወገን ቆሞ፣ በኋለኛው ዘመኑ ደግሞ ያልተማሩት ምዕመናን እየተሽከረከሩና እያጨበጨቡ የሚዘምሩትን ማየት አልወደደም፤ አስቁሙ ይል ነበር። በእኔ አስተያየት በዚህ ተሳስቷል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚዘምረው የጥቁር አሜሪካውያን ዝማሬ ያደገው ፔይን ካፈረበት ጭብጨባ ነው። የተማረው ትውልድ አፍሮበት የተወውን ዜማ የልጅ ልጆቹ ተመልሰው ሲፈልጉት እኛም ቤት አይተናል።

ከማዘር ቤቴል ብዙም ሳይርቅ በብሮድ ጎዳና ላይ ሌላ የሜቶዲስት ቤት አለ፤ በመጋቢው በቻርልስ አልበርት ቲንድሊ ስም ይጠራል። ቲንድሊ በዚያች ጉባኤ የጽዳት ሠራተኛ ነበረ፤ በ1902 የዚያችው ጉባኤ መጋቢ ሆኖ ተመለሰ። የጥቁሮች የጎስፔል ዝማሬ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ለተራቡ ሰዎች ሾርባ የሚያድልበት ቤትና መዝሙሮቹን የሚጽፍበት ቤት አንድ ነበር፤ በመዝሙሮቹ ውስጥ ያለው ሸክም፣ መከራና ተስፋ ከምግብ ሰልፉ የመጣ እንደሆነ ያስታውቃል። የሚሽን ኮሚቴያችን አባል አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ተገኝቶ በሳምንቱ የጎበኘውን እስረኛ ወይም ሕመምተኛ ታሪክ ለዘማሪዎቹ ቢነግር ምን ዓይነት መዝሙር ይወጣ ይሆን?

ስለ ጃሪና ሊ ሳላነሣ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ይህች ሴት ለመስበክ እንደተጠራች ለአለን ነገረችው፤ ሥርዓታችን አይፈቅድም ብሎ መለሳት። ዓመታት አለፉ። በ1819 ገደማ ቤቴል ውስጥ የዕለቱ ሰባኪ መካከል ላይ ቃል ሲያጥረው እሷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ከቆመበት ቀጠለች። ታስወጣለች ተብሎ ሲጠበቅ አለን ተነሥቶ ጥሪዋ እውነት መሆኑን በጉባኤው ፊት መሰከረ። በ1827 ብቻ 2325 ማይል ተጉዛ 178 ስብከት እንደሰበከች ራሷ ጽፋለች፤ በእግሯም ጭምር። በየኳየራችን ከግማሽ በላይ ሴቶች ነን፤ የዝማሬውን ግጥም የምንጽፈውም፣ የታመመ የምንጠይቀውም በአብዛኛው እኛው ነን። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ከዚህ በላይ አልልም፤ ገጹን ብቻ አንብቡት።

የፍርድ ቤቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰዎች የቤቴል ሕንፃ የእኛ ነው ብለው ለዓመታት ተከራከሩ፤ በ1815 ለጨረታ ቀረበ፤ አለን የገዛ ቤቱን በ10125 ዶላር መልሶ ገዛው። በ1816 መጀመሪያ የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለቤቴል ፈረደ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የተለያዩ ከተሞች ጥቁር ሜቶዲስቶች ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፣ አለንንም ጳጳስ አድርገው ሾሙ። በ1816 መጨረሻ ጥቁሮችን ወደ አፍሪካ እንመልሳቸው የሚል የነጮች ማኅበር ሲቋቋም፣ በ1817 መጀመሪያ 3000 ገደማ ሰው በዚያች ቤት ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ እንቢ አለ።

መላክን ግን እንቢ አላሉም። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ዳንኤል ኮከር በ1820 ወደ ሴራሊዮን ተሻገረ። በ1824 ወደ ሄይቲ ከሄዱት ቤተሰቦች የተወለዱ ሰዎች ዛሬም በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሳማና ውስጥ አሉ። ከሁሉ የሚደንቀኝ የደቡብ አፍሪካው ነው፤ በመዘምራን ቡድን የተጀመረ ሚሽን ነውና።

ማንጌና ሞኮኔ ፕሪቶሪያ ውስጥ የዌስሊ ሜቶዲስቶች አገልጋይ ነበር። ነጮቹ አገልጋዮች ጥቁሮቹን በእኩል አላይ ሲሉት በ1892 ለቅቆ ወጣና አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። ስሟን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አላት፤ በዚያው በመዝሙር 68፥31 ምክንያት። ዓድዋ ገና አራት ዓመት ቀርቶታል! ስሙን ከምኒልክ ድል ሳይሆን ከዳዊት መዝሙር ነው ያገኘው። በዚያው ሰሞን ቻርሎት ማንዬ የተባለች ወጣት የምትዘምርበት የደቡብ አፍሪካ ኳየር እንግሊዝ አገር ዞሮ ወደ አሜሪካ መጥቶ ነበር። ጉዞው ፈረሰ፤ አዘጋጆቹ ዘማሪዎቹን ኦሃዮ ላይ ያለ ገንዘብ ትተዋቸው ሄዱ። የተቀበሏቸው የአለን ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ ቻርሎትን በቤተ ክርስቲያኒቱ ዩኒቨርሲቲ በዊልበርፎርስ አስተማሯት። እሷም አገሯ ላለችው እኅቷ በጥቁሮች የምትመራ ቤተ ክርስቲያን እዚህ አለች ብላ ጻፈች። ደብዳቤው ሞኮኔ እጅ ገባ። በ1896 ሁለቱ ቤተ ክርስቲያናት ለመዋሐድ ተስማሙ፤ በ1898 ጳጳስ ሄንሪ ተርነር ደቡብ አፍሪካ ሄደው ጉባኤዎቹን አደራጁ። ቻርሎት ማክሴኬ (በትዳር ስሟ) ተመርቃ ተመለሰችና በ1918 ጥቁር ሴቶች የመታወቂያ ይለፍ ወረቀት እንዳይገደዱ የሚታገል ማኅበር መሠረተች።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በማያውቋት አገራችን ስም ሕመምተኛ አስታመዋል፣ ቤተ ክርስቲያን መሥርተዋል፣ ውቅያኖስ ተሻግረዋል። እኛ ባለ ስሙ ደግሞ እዚህ መጥተን ምን እናደርጋለን? አንዳንዶቻችን እሑድ ከሰዓት የሜቶዲስቶችን አዳራሽ ተከራይተን እንዘምራለን፤ ከጠዋቱ ጉባኤ አንድ ሰው በስሙ አናውቅም። ሳሎናችን ውስጥ «እኛ እንደ እነሱ አይደለንም» የሚል ወሬ ልጆቻችን ይሰማሉ። ትምህርት ቤት ሲሄዱ ደግሞ መምህሩም ፖሊሱም ጥቁር ብሎ ነው የሚያያቸው። ብዙዎቻችን ወይም ዘመዶቻችን የመጣንበትን በር የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው ጥቁሮች ለመብታቸው በደሙበት ዘመን መሆኑን የነገራቸው የለም። ከዚያ በ16 ዓመታቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲርቁ ምን ነካቸው እንላለን።

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «አስተምህሯችን ከእነሱ ይለያል» ይባል ይሆናል። ይለይ፤ ስለ ሉተርና ስለ ዌስሊ ስንማርም በሁሉም ነገር ተስማምተን አይደለም። «ልጆቻችን የኛን ታሪክ መቼ ጨረሱና» የሚልም አለ። ይሄኛው የኛ ታሪክ ነው፤ ስማችን ያለበት ነው።

የምለምናችሁ ይህን ነው። የመጪው በጋ የወጣቶች ኮንፈረንስ መርሐ ግብር ሲወጣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ታሪክ ስጡት፤ በሌላ ስብከት መካከል እንደ ምሳሌ ተጠቅሶ እንዳይታለፍ። ከዋሽንግተን፣ ከኒውዮርክና ከኒውጀርሲ ላሉ አጥቢያዎች ፊላደልፊያ የአውቶቡስ መንገድ ናት፤ ውሰዷቸው። በሕንፃው ታችኛ ክፍል የአለን ሙዚየም አለ፤ እሱና ባለቤቱ ሳራ የተቀበሩትም እዚያው ነው። የሩቆቹ በየከተማችሁ የዚያችው ማኅበር አጥቢያ ፈልጉ፤ አታጡም። እንደ ቱሪስት ቅዳሜ ብቻ አትሂዱ። እሑድ ከጉባኤው ጋር ተቀመጡ፣ ዘምሩ፣ መባ ስጡ፤ የታመመ የሚጠይቅ፣ ምግብ የሚያድል ቡድን ካላቸው የኛም ልጆች ይጨመሩበት ዘንድ ጠይቁ። ኳየራችን አንድ የአማርኛ መዝሙር ይዞ እንዲሄድ ከወደዱም ይዘምርላቸው፤ አዝማቹን በአንድ ጊዜ ይይዙታል፣ አትጠራጠሩ።

ስትሄዱ አስቀድማችሁ ለመጋቢዋ ወይም ለመጋቢው ጻፉ። ደብዳቤውን ግን እናንተ አትጻፉት። ከወጣቶቹ አንዱ፣ እንግሊዝኛው የሚቀናው፣ ለምን መምጣት እንደፈለጉ በራሱ አነጋገር ይጻፈው፤ ሽማግሌዎች ከሥሩ ፈርሙበት።

አክባሪ እኅታችሁ፣
በፊላደልፊያ የምኖር የቀድሞ የመዘምራን አባል